በመጥፎ እጅ የተለወጠች የ1965 ቮልስ፦ በትንሽ ገንዘብ ከየት ይጀመራል?

ጠያቂ፦ ባለ አረንጓዴዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከአራት ወር በፊት እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል የሆነች ቮልስ ገዝቻለሁ። የሻሲ ቁጥሯ በ115 ስለሚጀምር በሞዴል ዓመቷ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ በቀረው ሁሉ ላይ ግን አለኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት መኪናዋ መሬት ልትነካ የደረሰች፣ ሰፊ ጎማ ያላትና ድምፀ ብርቱ እንድትሆን ፈልገው ብዙ ቆርጠዋል፣ ብዙ በይደዋል፤ ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ስለሰለቻቸው ሸጡልኝ።

እስካሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። የራሷ 1200 ሞተር የለም፤ በቦታው 1600 ተቀምጧል። በሞተሩ ዙሪያ ሊኖሩ ከሚገባቸው የላሜራ ሽፋኖች ከግማሽ በላይ ጎድለዋል፣ ተርሞስታቱ ወጥቷል፣ የሞተር ክፍሉን ጠርዝ ተከትሎ የሚዞረው ጎሚኒም የለም። የሞተሩ ክዳን ነፋስ እንዲያስገባ ታስቦ በሁለት ብረቶች ተደግፎ በከፊል ክፍት እንዲቆይ ተደርጓል። ያም ሆኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳኋት በኋላ ቆሜ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተቀይሯል፤ ነገር ግን አዲስ የገባው ሽቦ ሁሉ ቀይ ስለሆነ የቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ አልቻልኩም፣ የፊት መብራቶቹም ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ተስበዋል። ፊቷ በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ስትታጠፍ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ መኪናዋ ቀጥ ብላ አትሄድልኝም፣ ያለማቋረጥ በመሪው መመለስ አለብኝ። የኋላዎቹ ሰፋፊ ቸርኬዎች የታሰሩት በመሃል ወፍራም የአሉሚኒየም ስፔሰር ገብቶ ሲሆን፣ ለእነሱ ቦታ ለማግኘት ሲባል የኋላ ፓራፋንጎዎች ጠርዝ ተቆርጧል። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባለው ወለል ላይ ሌላ ላሜራ በሪቬት ተለጥፎ፣ ዙሪያው በስቱኮ ተሞልቶ፣ በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል።

የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር ሻጩ ከፈቷቸው ዕቃዎች አንድ ሣጥን ሙሉ አብረው መስጠታቸው ነው። በውስጡ የመጀመሪያው መሪ፣ ጥቂት የሞተር ላሜራዎች፣ እንዲሁም ለምን እንደሚያገለግሉ የማላውቃቸው ረጃጅም ዝርግ ብረቶች አሉ።

መሠረታዊ የእጅ መሣሪያ አለኝ፣ ፈትቶ መግጠም እችላለሁ፣ ብየዳ ግን አልችልም። በየወሩ ላወጣ የምችለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ሙሉ እድሳት ለማሠራት አቅም ስለሌለኝ የምጠይቀው፣ ከየት ልጀምር፣ ከተለወጠውስ የትኛውን ልተወው፣ ወይስ ይህች መኪና ከእጄ ብትወጣ ይሻላል?

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ባለ አረንጓዴዋ፣ ለመጀመሪያው ወር አንድም ዕቃ እንዳይገዙ እመክራለሁ። በዚያ ፈንታ አንድ ደብተር ይያዙና መኪናዋ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በሦስት ክፍል ይጻፉት፦ የተቆረጠ፣ የተፈታ፣ የተጨመረ። የተጨመረውን ማንሣት ምንም አያስወጣም። የተፈታው በሣጥንዎ ውስጥ ካለ ወይም ከሌላ መኪና ከተገኘ በጥቂት ወጪ ይመለሳል። ገንዘብ የሚበላው የተቆረጠው ነው፤ መኪናዋን ማቆየትና አለማቆየትም የሚወሰነው በዚህ በመጀመሪያው ክፍል ርዝመት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ሦስቱን ደባልቆ እንደ አንድ ትልቅ ጥፋት ስለሚያያቸው ነው።

ለምሳሌ የተቆረጡት ፓራፋንጎዎች በዓይን ሲታዩ ያስደነግጣሉ፤ ይሁን እንጂ የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ ፈትቶ ሌላ መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው። በአንጻሩ ያ በስቱኮ የተሸፈነው ወለል ምንም አያስደነግጥም፣ ነገር ግን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ ጉዳይ አያሳስብዎት። ይህች መኪና ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ስትሠራ ቆይታ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፤ ብዙ ዕቃዋም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል።

ደብተሩን እየሞሉ ሳለ መኪናዋን መንዳት ካለብዎ አስቀድመው ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ።

አንደኛው ቤንዚን ነው። በሞተር ክፍሉ ውስጥ ያሉት የቤንዚን ጎማዎች ከተሰነጣጠቁ ዛሬውኑ ይቀየሩ። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት አጭር የነሐስ ቱቦ በግፊት ብቻ የተሰካ በመሆኑ ከዕድሜ ብዛት ይላላል፤ በእጅዎ ይዘው ሲያዞሩት የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንድ ቀን ወልቆ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫል። የቤንዚን ማጣሪያ ከሞተሩ በላይ በጎማው ላይ ተንጠልጥሎ ካገኙትም ከሞተር ክፍሉ ያውጡት፤ ክብደቱና ንዝረቱ ያንኑ ቱቦ ይጎትተዋል። ስለ ቮልስ ቃጠሎ ከሰማኋቸው ታሪኮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። የእርስዎ ሞዴል ፍሬን በአንድ መሥመር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ አንዲት ጎማ ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። አራቱንም ተጣጣፊ ቱቦዎች አይተው በውጭ ደህና ቢመስሉም ዕድሜያቸው ካልታወቀ ይቀይሯቸው፤ ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ አሳልፈው መመለሻውን የሚዘጉ አሉና፣ ፔዳሉን ከለቀቁ በኋላ አንዱ ጎማ ይዞ የሚቀር ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሦስተኛው የኋላ ጎማ ነው። ስፔሰሮቹን ያውጡ። ብሎኑ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ ከታምቡሮው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የፍሬን ከበሮ) ስለሚርቅ የሚይዘው ጥርስ ያንሳል፤ በታምቡሮው ውስጥ የገባው የብሎን ርዝመት ቢያንስ የራሱን የብሎኑን ውፍረት ያህል ካልሆነ ያን መኪና አልነዳውም። እዚያው እያሉ በመሃል ያለውን ትልቁን የአክስል ዳዶ ይፈትሹ፤ 36 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚፈልግ ሲሆን የሚጠብቀው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህ በተራ ቁልፍና በክንድ ጉልበት የሚደረስበት አይደለም፣ ረጅም ቧንቧ ወይም የተዋሱት ቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋል። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ሽቦ መሰል ማሰሪያ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቀው ያስገጥሙት እንጂ ለማስገጠም ብለው ወደኋላ አያላሉት። በላላ ዳዶ የተነዳ መኪና የታምቡሮውን የውስጥ ጥርስ ይልጣል።

አሁን ወደ ሞተሩ ሙቀት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የተሳሳተው የቀድሞው ባለቤት ነውና። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር የሚቀዘቅዘው ነፋስ ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ በተወሰነ መንገድ እንዲያልፍ ስለተገደደ ነው። ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር ከኋላ መስተዋት ሥር ካሉት ክፍተቶች ስቦ በላሜራው ሽፋን ውስጥ በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ክንፎች መካከል ያሳልፈዋል፣ የጋለውም አየር ወደ ታች ይወጣል። ያ የሚዞረው ጎሚኒ ሥራው የላዩንና የታቹን አየር መለየት ነው። ጎሚኒውና ላሜራው ሲጎድል ከማርሚታው አካባቢ የሚነሣው ትኩስ አየር ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል፤ ክዳኑን ከፍቶ መደገፍ ይህን አያስተካክለውም፣ ምክንያቱም ጉድለቱ የአየር ማነስ ሳይሆን የአየር መደባለቅ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክንፎችም ከተርሞስታቱ ጋር ወጥተው እንደሆነ ይመልከቱ። ብዙዎች ክንፎቹን አየር የሚከለክሉ አድርገው ይቆጥሯቸዋል፤ ሆኖም ሞተሩ ሲሞቅ ተርሞስታቱ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ተለጥጦ ይከፍታቸዋል፣ ተከፍተውም አየሩን ወደ ዘይት ማቀዝቀዣውና ወደ ሲሊንደሮቹ ይመሩታል።

ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ከወንፊት በቀር ሌላ ማጣሪያ የለውም። ይህን ያህል ጥቂት ዘይት ከመጠን በላይ ሲግል ይቀጥናል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ይወርዳል፣ መብራቱም ይበራል። ስለዚህ ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል ብለው ሞተር ለማስፈታት አይቸኩሉ፤ በመጀመሪያ በሣጥኑ ያሉትን ላሜራዎች ይመልሱ፣ የጎደሉትን ከወደቀ ሞተር ላይ ይፈልጉ፣ ጎሚኒውን አዲስ ይግዙ። ከዚያ በኋላም መብራቱ ካልጠፋ ስለ ሞተሩ ውስጥ እንነጋገራለን።

መልስ፦ ሽቦ ለቃሚ

የድሮ መካኒክ ኤሌክትሪኩን ለሌላ የተዉት ይመስላልና እኔ ልቀጥል። ወደ 12 ቮልት መቀየሩን አይንኩት፤ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ማቆየት የሚገባዎ ይህ ነው። እንዲያውም አንድ የማይጠበቅ ጥቅም አለው። 45 ዋት የሆነ የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ሲስብ በ12 ቮልት የሚስበው 3.75 አምፔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለ6 ቮልት ተብሎ ወፍራም ሆኖ የተሠራው የፋብሪካው ሽቦ ለ12 ቮልት ከበቂ በላይ ነው። ከቀይ ሽቦዎቹ ሥር የቀድሞው ሽቦ ሳይነቀል ቀርቶ ካገኙት፣ መከለያው እስካልተሰባበረ ድረስ፣ ያ እንደ ሀብት ይቆጠር።

ሽቦውን ለማንበብ ቀለሙንና በየዕቃው ጫፍ የተጻፈውን ቁጥር ይከተሉ። በጀርመን መኪኖች ላይ 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ 31 ወደ ሻሲ የሚመለስ፣ 50 ሞተሪኖን የሚያስነሣ፣ 56 የፊት መብራት፣ 58 የማቆሚያ (የፓርኪንግ) መብራት ነው። በፋብሪካው ሽቦ ላይ ቡናማ የሻሲ፣ ቀይ የ30፣ ጥቁር የ15 ነው፤ ቢጫ ለአጭሩ መብራት፣ ነጭ ለረጅሙ መብራት፣ ግራጫ ለማቆሚያው፣ ጥቁርና ነጭ ለግራ ምልክት፣ ጥቁርና አረንጓዴ ደግሞ ለቀኝ ምልክት ነው። ይህን ካወቁ የቀድሞው ባለቤት የት ላይ ቆርጠው የራሳቸውን እንደቀጠሉ ራሱ ሽቦው ይነግርዎታል።

ሁሉንም ነቅለው አዲስ ለመዘርጋት አይሞክሩ፤ ይህን የሚያደርጉ ብዙዎች ለዓመት የማትነሣ መኪና ይዘው ይቀራሉ። አንድ መሥመር በአንድ ጊዜ ይሥሩ። የመጀመሪያው ያ ያለ ፊውዝ የተሳበው የፊት መብራት ይሁን፤ በየአምፖሉ የተለየ ፊውዝ ኖሮት በፊውዝ ሣጥኑ በኩል ይመለስ። ቀጥሎ የባትሪውን ክዳን ይመልከቱ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ ክዳን ከሌለው ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ሞላ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፣ ወንበሩም እሳት ይይዛል። በእንጨትም ሆነ በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፍኑት፣ ባትሪውም በደንብ ይታሰር።

ሌላው የተረሳ ነገር ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ሻሲው የሚሄደው የጠፍጣፋ ሽቦ ማሰሪያ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ያ ማሰሪያ ከጎደለ የሞተሪኖው ኃይል መመለሻ ያጣና በፍሪሲዮን ወይም በቤንዚን መስጫ ገመድ በኩል ያልፋል። መኪናዋ ስትነሣ የሚያንገራግር ከሆነና እነዚህ ገመዶች የሚሞቁ ከሆነ ሞተሪኖ አይግዙ፣ ማሰሪያውን ይግጠሙ።

አምፖሎቹ፣ የምልክት መብራት ማብለጭለጫው፣ ክላክሱና ኮይሉ 12 ቮልት መሆናቸውን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። የዝናብ መጥረጊያው ሞተር 6 ቮልት ከሆነ ኃይሉን የሚቀንስ ሬዚስተር ገብቶለት ይሆናል፤ በጣም ስለሚግል ከካርቶንና ከጨርቅ መራቁን ይዩ። የቤንዚን መጠን ማሳያው በዚያ ሞዴል በገመድ የሚሠራ ስለሆነ ቮልት አይመለከተውም። የ6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ቮልት ፈጥኖ ይዞራል እንጂ ወዲያው አይቃጠልም፤ ሌላ መግዛት ካስፈለገ ግን አስቀድመው የፍላይዊሉን ጥርስ ይቁጠሩ። የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፣ ሞተሪኖውም ከጥርሱ ጋር መግጠም አለበት።

መልስ፦ እንደ ፋብሪካው

ከላይ የተሰጠውን ምክር አክብሬ አንድ ተቃውሞ አለኝ። 1600 ሞተርና 12 ቮልት ያላት መኪና የ1965 ቮልስ አይደለችም፤ የ1965 ቆርቆሮ የለበሰች ሌላ መኪና ናት። 1600ውን ሸጠው «1200» የሚባለውን ትክክለኛውን 1192 ሲሲ ሞተር ይፈልጉ፤ 34 የፈረስ ጉልበቱ ትንሽ ቢመስልም ፍሬኑና እግሮቿ የታሰቡት ለእሱ ነው። ዛሬ ያልመለሱትን ነገር ነገ ዋጋው ከፍ ብሎ ያገኙታል።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ስለ ፍሬኑ ያሉት እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው ፍሬኑን ከሞተሩ ያስቀደምኩት። ነገር ግን ጠያቂው የነገሩን አቅማቸው ትንሽ መሆኑን ነው። የሚሠራ ሞተር አውጥቶ የማይታወቅ ሞተር መግዛት የአንድ ዓመት ቁጠባ ሊበላ ይችላል፣ በመንገድ ላይ የሚያመጣው ደኅንነት ግን የለም። 1600ው በብሎን የገባ ነው፤ በማንኛውም ጊዜ በብሎን ይወጣል። 1200 በእጅ ሲገባ ሊቀየር ይችላልና በደብተሩ ላይ «የሚቆይ» ተብሎ ይጻፍ። በማይመለስ መንገድ አዲስ ነገር ላለመቁረጥ ግን ሁለታችንም እንስማማለን ብዬ አስባለሁ።

መልስ፦ ባለ አረንጓዴዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት በደብተር አሳልፌአለሁ። የነሐሱ ቱቦ በእርግጥም በእጄ ይዞር ነበር። ስፔሰሮቹን አውጥቼ ከተዋስኳቸው የፋብሪካ ቸርኬዎች ጋር መኪናዋን ቤት አቁሜአለሁ፣ የፍሬን ቱቦዎቹንም ለውጫለሁ።

ሪቬቶቹን በድሪል ከፍቼ ላሜራውን ሳነሣ ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ከእጅ መዳፍ በሚበልጥ ስፋት አልቋል። ከበሩ ሥር የሚያልፈውንና ሙቀት ወደ ፊት የሚወስደውን ሣጥን መሰል ቱቦ በካቻቪቴ ስነካው በሁለት ቦታ ገባልኝ። በግራ በኩል ያለው ጤነኛ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የፊት አክስሉን ሁለት ቱቦዎች ጭቃውን አጥቤ ስመለከት ምንም የብየዳ ምልክት አላየሁባቸውም፤ ታዲያ እንዴት ዝቅ አለች?

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

በሣጥንዎ ውስጥ አሉ ያሏቸው ረጃጅም ዝርግ ብረቶች መልሱን ይዘዋል። በየቱቦው ውስጥ ሞላ ሆነው የሚያገለግሉት ተደራርበው የታሰሩ እንደነዚህ ያሉ ስስ ብረቶች ናቸው። ፊቷን ዝቅ ለማድረግ አንዱ መንገድ ቱቦውን በመሃል ቆርጦ አዙሮ መበየድ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ከተደራረቡት ብረቶች ጥቂቶቹን ማውጣት ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስላል። እንዲህ ከሆነ «የተቆረጠ» ብለው የጻፉትን ወደ «የተፈታ» ያዛውሩት።

ይሁን እንጂ ከመመለስዎ በፊት ብረቶቹ እርስ በርሳቸው እኩል ርዝመት ያላቸው መሆናቸውን ይለኩ፣ በመሃላቸውም የማሰሪያው ብሎን የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ምልክት ይፈልጉ። አንዳንዶች ብረቶቹን ሙሉ ለሙሉ ከማውጣት ይልቅ ጫፋቸውን ቆርጠው መሃሉን ብቻ ይተዉታል፤ ያጠረ ብረት ካገኙ አይጠቀሙበት። ስንጥቅ ወይም ጥልቅ ዝገት ያለበትም እንዲሁ ይጣል። ጤነኛ ከሆኑ በአንድ በኩል ያሉትን ክንዶች አውጥተው፣ መላውን ድርብርብ በአንድነት በክር አስረው፣ ግሪስ ቀብተው ያስገቡታል። ሌላ አክስል መግዛት የግድ ከሆነ የእርስዎ የኪንግ ፒን አክስል (የፊት እግሩ በዘንግ ላይ የሚዞርበት) መሆኑን አይርሱ፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ቦል ጆይንት (በኳስ መሰል መገጣጠሚያ የሚዞር) ስለሆነ ክንዶቹ አይለዋወጡም።

በፍጥነት ጊዜ ቀጥ ብላ አለመሄዷም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ፊቷ ብቻ ሲወርድ መላ መኪናዋ ወደፊት ታዘነብላለች፣ የፊት ጎማዎችን ከታጠፉ በኋላ ወደ ቀጥታ የሚመልሳቸው የአክስሉ ዘመም ማለቱም ይቀንሳል። የጎማ ንፋሱንም ይዩ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ንፋስ ሁልጊዜ ከኋላው ያንሳል፤ በፋብሪካው የጎማ መጠን የፊቱ ከ1.1 እስከ 1.3 ባር፣ የኋላው ከ1.7 እስከ 1.9 ባር አካባቢ ነው። አራቱንም እኩል የሚነፉ ሰዎች መሪው ተበላሸ እያሉ ሲመላለሱ አይቻለሁ።

መልስ፦ ላሜራ ቀጥቃጭ

ስለ ወለሉ ጉዳይ ልናገር። መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ካዩ ጤነኛው ብረት የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ብዙ ርቆ ነው፤ የባትሪ አሲድ ብረቱን ከላይ ሳያስታውቅ ያሳሳዋል። ቦታውን በሶዳና በውኃ ደጋግመው ያጥቡት፣ ከዚያም በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ ድምፁ የሚለወጥበትን በጠመኔ ያስምሩ። የሚቆረጠው እስከዚያ መሥመር ነው።

ቅደም ተከተሉን ግን እንዳይሳሳቱ። ከበሩ ሥር ያለው ቱቦ የቦዲውን ጎን የሚሸከም ነው፤ እሱን ቆርጠው በሩ ክፍት እያለ ቢሠሩ ቦዲው በጥቂቱ ይጎብጥና በሩ ዳግም አይዘጋም። ስለዚህ ቦዲው ከሻሲው ሳይነሣ፣ የበሩን ክፍት ቦታ በውስጥ በኩል በሁለት ዘንግ ብረት አስይዘው፣ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጽሑፍ ለክተው፣ በመጀመሪያ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ወለሉን ያሠሩ። በየጊዜው በሩን እየዘጉ ልኩን ያመሳክሩ። መላውን የቀኝ ወለል መግዛት አያስፈልግዎ ይሆናል፤ የባትሪው ማዕዘን ብቻውን ተቆርጦ የተዘጋጀ ቁራጭ ይገኛል፣ ካልተገኘም የታጠፈ ላሜራ ይበቃል።

ብየዳ አልችልም ማለትዎ ያን ያህል አይጎዳዎትም። በያጁ ብዙ የሚያስከፍለው ለብየዳው ሳይሆን ለዝግጅቱ ነው። የአሮጌውን ብረት መቁረጥ፣ ዝገቱንና ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረት መፋቅ፣ አዲሱን ቁራጭ ልክ አድርጎ በመያዣ ማሰር የእርስዎ ሥራ ይሁን፤ በያጁ መጥቶ በይዶ ይሂድ። መሥመሩን በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳይበይዱት ይንገሯቸው፤ እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ካልሞሉት ላሜራው በሙቀት ይጠማዘዛል።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የቤንዚኑ ታንከር ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቤንዚኑ የብረት ቱቦ በመኪናዋ መሃል ባለው መሿለኪያ ውስጥ ያልፋል። ከመሿለኪያው አጠገብ ከመበየዱ በፊት ታንከሩ ይውጣ፣ ቱቦው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፣ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ በወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ መሰል ንጣፍም ይላጥ፤ ቶሎ ይቀጣጠላልና። ከብየዳው በኋላ የቱቦው ውስጥ ቀለም ስለማይደርስበት ፈሳሽ ሰም ወይም ወፍራም ዘይት በቀዳዳው ይርጩበት። ስቱኮ እንዳይነኩ አልልም፤ ስቱኮ የመጨረሻዋን ጥቂት ሚሊሜትር ለማስተካከል ነው እንጂ ቀዳዳ ለመድፈን አይደለም።

መልስ፦ ባለ አረንጓዴዋ

ብረቶቹን ለካኋቸው፤ ሁሉም እኩል ናቸው፣ መሃላቸውም ላይ ጎድጓዳው አለ። ለወለሉ በያጅ አግኝቻለሁ፣ ዝግጅቱን እኔ እየሠራሁ ነው። የሞተሩን ላሜራዎችና ጎሚኒውን ከመለስኩ በኋላ ሞተሩን በቆመበት ለረጅም ጊዜ አሠርቼው የዘይት መብራቱ አልበራም፤ በመንገድ ላይ ግን ገና አልሞከርኩትም።

አንድ ትንሽ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደህና ነው፣ ቤንዚን በድንገት ስሰጠው ግን ለቅጽበት ይሞትና ከዚያ ይነሣል። ስፒንተሮጂኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ላይ 009 የሚል ቁጥር አለ።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ቁጥሩ ራሱ ምክንያቱን ይነግረናል። 009 ሞተሩ ሲፈጥን በሚዘረጉ ትንንሽ ክብደቶች ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ሞተሩ እስኪፈጥን ድረስ የእሳቱን ጊዜ አያስቀድምም፤ የፋብሪካው ግን የካርቡራተሩን መሳብ በቱቦ ተቀብሎ ቤንዚን እንደሰጡት ያስቀድመዋል። በሣጥኑ ውስጥ ጎኑ ላይ ክብ ቆርቆሮ ያለው ስፒንተሮጂኖ ካለ እሱን ይመልሱ። ከሌለ ከመግዛትዎ በፊት በ009 ላይ የሚቻለውን ያድርጉ፦ የፑንቲናውን (በስፒንተሮጂኖው ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ያድርጉት፣ ከዚያ ጊዜውን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሳይሆን ወደ 3,500 ዙር ሲደርስ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መካከል እንዲሆን በታይሚንግ መብራት ያስተካክሉ፤ የቫልቭ ክፍተቱንም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት 0.15 ሚሊሜትር ያድርጉ። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የካርቡራተሩን አፍ በእጅ ባትሪ እያበሩ የቤንዚን መስጫውን በእጅ ይግፉት፤ ወዲያውኑ ጠንካራ የቤንዚን ፍንጣቂ ካልታየ የካርቡራተሩ ትንሽ ፓምፕ ሜምብራን ደርቋል ማለት ነውና ለእሱ ብቻ የሚበቃ የጥገና ኪት ይግዙ።